ጆሮ ደህና፣ እንቅልፍ ጎደሎ

እንቅልፍ አጥቼ ባደርኩ ማግስት ሰው ሁሉ የሚያጉተመትም ይመስለኛል። ድምፁ ይደርሰኛል። ማን እንደተናገረ፣ ተቆጥቶ ይሁን እየቀለደ፣ ቸኩሎ ይሁን ተረጋግቶ አውቃለሁ። የሚያመልጠኝ ያለው ነገር ነው። «እ?» እላለሁ። ሰውየው ሊደግምልኝ አፉን ሲከፍት ደግሞ ቅድም ያለው በድንገት ይገባኛል፤ «ገባኝ፣ ገባኝ» ብዬ አስቆመዋለሁ። ለብዙ ጊዜ የገረመኝ ይሄ ነው። ጆሮዬ ካልሰማ፣ ዘግይቶ የገባኝ ከየት መጥቶ ነው?

ሥራዬ የተቀረጸ ድምፅ እየሰሙ በጽሑፍ መገልበጥ ነው፦ ስብሰባ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ትምህርት፣ አንዳንዴም የሁለት ሰው ክርክር። ይህ ሥራ ሌሊት ይጥማል፤ ስልክ አይጮህ፣ የሚጠራ የለ። ግን የማይዋሽ ምስክር አለው፤ ቅጂውን ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ የምትመልሰው ቁልፍ። እንቅልፍ በጠገብኩ ቀን አልፎ አልፎ ነው የምነካት። ሌሊቱ ሲገፋ ግን እነዚያው አራት አምስት ቃላት ላይ ስመላለስ እቆያለሁ። ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ይጮሃል እንጂ አይጠራም። ያንኑ ቦታ ተኝቼ ከተነሳሁ በኋላ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ስከፍተው፣ ሰውየው ቁልጭ አድርጎ ይናገራል፤ እንዲያውም ምኑ እንዳስቸገረኝ ግራ ይገባኛል።

ጆሮዬን ጠርጥሬ ለምርመራ ሄድኩ። ድምፅ የማታስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ፣ የምትጫን ቁልፍ እጄ ላይ። «ድምፁ በጣም ደካማም ቢሆን፣ የሰሙ በመሰለዎት ቁጥር ይጫኑ» ተባልኩ። ከወፍራሙ 250 ሄርዝ እስከ ቀጭኑ 8000 ሄርዝ፣ መጀመሪያ በአንዱ ጆሮ፣ ቀጥሎ በሌላው። ድምፁን እያወረዱ፣ ሲጠፋብኝ መልሰው እያነሱ፣ የመስሚያዬን ጠርዝ ይፈልጋሉ። ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባለው ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነጥቦቹ በሙሉ ከ20 ዴሲቤል መስመር ላይኛው በኩል ተደርድረዋል፤ በዚህ ወረቀት ላይ ወደ ላይ መሆን ደግ ነው። ባለሙያዋ «ጆሮዎ ደህና ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ወረቀቱን እያጠፉ፣ «ለመሆኑ ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛሉ?»

ያ ወረቀት የሚለካው አንድ ነገር ነው፦ ጸጥ ባለ ቦታ ሊሰማ የሚችለውን ትንሹን ጥርት ያለ ድምፅ። የሰው ንግግር ግን አንድ ወጥ ድምፅ አይደለም፤ ጸጥ ባለ ቦታም እምብዛም አይነገርም። በዚያ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ራሱን መሰብሰብ አያቅተውም። የሚያቅተው ቀኑን ሙሉ እንደተሰበሰበ መዋሉ ነው።

እዚህ ላይ ጆሮ ራሱ ምን እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ፣ ኮክሊያ በሚባለው የተጠቀለለ ክፍል፣ ስንወለድ ወደ 15,000 የሚጠጉ ጸጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ከእነዚህ ድምፁን ወደ አንጎል የሚልኩት 3,500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ደካማውን ድምፅ የሚያጎሉ ናቸው። አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። አንድ ሌሊት ሳይተኙ ማደር ግን እነዚህን አይገድልም። ጣጣው ያለው ከእነሱ በኋላ ነው፤ መልእክቱ በነርቭ አድርጎ ወደ አንጎል ግንድ፣ ከዚያ በአንጎል መሀል መልእክት ተቀብሎ ወደሚያስተላልፈው ታላመስ፣ ከዚያም ከጆሮ በላይ ወዳለው የአንጎል ክፍል ሲደርስ፣ ከድምፅነት ወደ ቃልነት የሚለውጠው አካል ነው የደከመው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ብራዚላውያን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ለ24 ሰዓት ሳይተኙ ከቆዩ በኋላ በሁለት ዓይነት ፈተና ውጤታቸው ወርዷል። አንደኛው በተከታታይ ድምፆች መሀል ያለችን የቅጽበት ክፍተት መለየት ነው። ሁለተኛው በሁለቱ ጆሮ ተደራርበው የሚመጡ ቃላትን ለይቶ መድገም። ክፍተቷ በሰከንድ ሺኛ የምትቆጠር ናት። ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ የራሳችን ማጥበቅና ማላላት ነው። ቅጂው ላይ «ሥራ አስኪያጁ አለ» የሚል ይመጣል። ሰውየው ተናገረ ነው? ወይስ ቢሮው ውስጥ ነው? ልዩነቱ ምላስ «ለ» ላይ የምትቆይበት የሰከንድ ሽራፊ ናት፤ ፊደሉ ደግሞ አያግዝም፣ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይጽፋል። ደህና ተኝቼ ከሆነ ጥያቄው መኖሩ ራሱ አይታየኝም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን አንድ ጊዜ ስሰማው ጠብቆ፣ ሲደገም ላልቶ ይሰማኛል፤ ሁለቱም ጊዜ እርግጠኛ ነኝ። ይሄ እርግጠኝነት ነው የሚያሳስበኝ።

ሌላው ችግር ሸለብ ማድረግ ነው። እንቅልፍ የጎደለው አንጎል ዓይን እንደተከፈተ እንኳ ለጥቂት ሰከንድ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ ባለቤቱ አያውቅም፣ አጠገቡ ያለውም ብዙውን ጊዜ አያይም። በእነዚያ ሰከንዶች የተነገረው ይቀራል። አንጎል ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፤ የተቀደደ ገጽ የሚያነብ ሰው እንደሚያደርገው የጎደለውን በግምት ይሞላና ያልፋል። አማርኛ ላይ ይሄ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። «ገንዘቡን ነገ ጠዋት ከእሱ ተቀብዬ ለእነሱ» እስከሚለው ድረስ ነቅተህ ሰምተህ፣ «አልሰጥም» የሚለው ላይ ሸለብ ካደረግህ፣ የሰማኸው በሙሉ ከንቱ ነው። ግምትህ «እሰጣለሁ» ብሎ ይሞላዋል፤ አንተም እንደሰማህ ትምላለህ።

አሁን ወደዚያ ድምፁን እያወቅሁ ነገሩ ወደሚያመልጠኝ ጉዳይ። ኮሊን ቼሪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ሰዎችን በማዳመጫ በአንዱ ጆሮ አንድ ንግግር፣ በሌላው ጆሮ ሌላ ንግግር ያሰማቸው ነበር። አንደኛውን ብቻ እየተከተላችሁ ጮክ ብላችሁ ድገሙ አላቸው። ደገሙ። በኋላ ስለ ሌላኛው ጆሮ ሲጠየቁ፣ ድምፁ የወንድ ይሁን የሴት መናገር ችለዋል፤ ምን እንዳለ ግን አልያዙም። ሁለቱም ጆሯቸው ደህና ነበር። አንዱን ልብ ብለውታል፣ ሌላውን ልብ አላሉትም፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። እኔ እንቅልፍ ሳጣ የሚደርስብኝን ከዚህ የተሻለ የገለጸልኝ ነገር አላገኘሁም፤ ሁለቱም ጆሮዎቼ ልብ ያልተባለውን ጆሮ ይሆናሉ። የተናጋሪው ማንነት ይገባል፣ ስሜቱ ይገባል፣ ቃሉ በር ላይ ይቀራል። ማብራሪያው የራሴ ነው፣ ቼሪ ስለ እንቅልፍ ምንም አላለም። ግን ሰው በተሰበሰበበት፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚያወራበት ቦታ ለምን ቀድሜ እንደምሸነፍ ያስረዳኛል፤ ከብዙ ድምፅ አንዱን መርጦ መያዝ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበቱ ደግሞ ሌሊቱን አልተሞላም።

መጥፎው ነገር፣ ሰው ይህንን በራሱ አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የታወቀ ሙከራ ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ሰዎች፣ ትኩረታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ እንዳደረ ሰው ወርዶ ተገኝቷል። ሲጠየቁ ግን ትንሽ ድካም ቢጤ እንጂ ይህን ያህል አይሰማንም ነበር ያሉት። 6 ሰዓት ብዙዎቻችን «በቃኝ» የምንለው ነው፤ የእንቅልፍ ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ይመክራሉ። እናም 6 ሰዓት የሚተኛ ሰው ለወራት «ምነው ድምፅህን ከፍ ብታደርግ» እያለ ቤተሰቡን ሲነዘንዝ ሊኖር ይችላል፤ የጎደለው የሌላው ድምፅ መሆኑን ከልቡ አምኖ።

ግራ የሚያጋባው፣ ይኸው ቃል ያመለጠው ጆሮ በሌላ በኩል ሲታይ ከልክ በላይ መስማቱ ነው። በር ሲዘጋ ያስደነግጠኛል። አጠገቤ የሚያኝክ ሰው ካለ መንጋጋው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት፣ አንድ ሌሊት ያልተኙ ሰዎች የሚረብሽ ሥዕል ሲያዩ፣ የፍርሃትና የንዴት ማዕከል የሆነው አሚግዳላ ከተኙት ሰዎች 60 በመቶ ያህል ጨምሮ እንደሚነሳ አሳይቷል። ያ ሥዕል ነው፣ ድምፅ አይደለም። ግን ያን ቀን የሚያናድደኝ የድምፁ ትልቅነት እንዳልሆነ በዚህ ገብቶኛል፤ «ይሄ ምንም አይደለም፣ ተወው» የሚለው የአንጎሌ ክፍል ነው ሥራ ያልገባው።

ከዚያ ደግሞ የሌለውን መስማት አለ። ሊተኙ ሲሉ ስም ሲጠራ መስማት ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኔ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ እንቅልፍ ካጠረኝ በሦስተኛው አይቀርልኝም፣ ተነስቼ «አቤት» ያልኩበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ጭራሽ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚፈነዳ ነገር ሰምቶ ይነቃል፤ ሕመም የለውም፣ ድንጋጤ ብቻ። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1876 ጽፎታል፣ ስለዚህ የዘመናችን የስልክና የስክሪን ጣጣ አይደለም። በራሱ ጉዳት የለውም፤ ድካምና ጭንቀት ሲበዛ ይደጋገማል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጆሮ ጩኸቱ ነው። ሐኪሞች ቲኒተስ ይሉታል፤ ሲጢጥ የሚል፣ የሚነፍስ ወይም የሚያፏጭ፣ ውጭ የሌለ ድምፅ። ብዙ ሰው ሲጀምረው ጆሮው ሊደነቁር የቀረበ ይመስለዋል። በ1953፣ ያው ቼሪ ሙከራውን ባሳተመበት ዓመት፣ ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች መስሚያቸው ደህና የሆነ 80 ሰዎችን አንድ በአንድ ጸጥ ያለ ክፍል አስገብተው የሚሰሙትን እንዲናገሩ ጠየቋቸው። 94 በመቶዎቹ አንድ ድምፅ ሰምተናል አሉ። ክፍሉ ውስጥ ግን ድምፅ አልነበረም። ይህን ማወቄ ለብቻው አንድ ሌሊት አስተኝቶኛል ብል ማጋነን አይሆንም። ጩኸቱን አብዛኞቻችን ይዘነው እንዞራለን፤ ቀን የሌላው ድምፅ ይሸፍነዋል፣ የተኛ አንጎል ደግሞ ይንቀዋል። ያልተኛ አንጎል ነው ዞር ብሎ የሚያየው። አንዴ ካየው ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ አይተኛም፣ ሳይተኛ ሲቀር ጩኸቱ በማግስቱ ይብሳል። ክቡ እንዲህ ነው የሚዘጋው። ከዚህ ለመውጣት ፍጹም ጸጥታ መፈለግ ያባብሳል። ከጩኸቱ ዝቅ ያለ፣ ወጥ የሆነ ለስላሳ ድምፅ (የዝናብ፣ የአየር ማራገቢያ) መክፈት ይሻላል፤ ድምፁ ጩኸቱን ሊውጠው ሳይሆን ብቸኝነቱን ሊያሳጣው ነው። ችግሩ ለቆየበት ሰው ደግሞ አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርመው የሥነ ልቦና ሕክምና የተሻለ ማስረጃ አለው። «የጆሮ ጩኸት ያጠፋል» ተብሎ በየኢንተርኔቱ ለሚሸጠው እንክብል ግን ገንዘብ አላወጣም።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ፦ እንቅልፍ ማጣት ጆሮውን ራሱን ያበላሻል? እዚህ ላይ መጠንቀቅ እወዳለሁ፤ ርዕሱን አጩኸው «እንቅልፍ ማጣት ያደነቁራል» የሚሉ ጽሑፎች ሞልተዋል። አንድ ሌሊት አያደነቁርም። ጠንከር ያለው ጥርጣሬ ያለው በሌላ በኩል፣ ተኝተው ሳለ ትንፋሻቸው የሚቋረጥባቸው ሰዎች ላይ ነው። ያንኮራፋሉ፣ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ እየታፈኑ ይነቃሉ፤ ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ይደጋገማል፣ በዚያው ልክ የደማቸው ኦክስጅን ይወርዳል። የውስጠኛው ጆሮ ደግሞ ደም የሚያገኘው በአንዲት ቀጭን የደም ቧንቧ ነው፤ እሷ ስትዳከም የሚተካት ሌላ መንገድ የለም። አሜሪካ ውስጥ ወደ 14,000 የሚጠጉ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 በቀረበ ጥናት፣ ይህ የትንፋሽ መቋረጥ ያለባቸው ሰዎች በቀጭን ድምፆች ላይ የመስማት ችግር የመገኘቱ ዕድል በ31 በመቶ፣ በወፍራም ድምፆች ላይ ደግሞ በ90 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሁለቱ አብረው ተገኙ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ግን አጠገቡ የሚተኛ ሰው «ትንፋሽህ ይቆማል» ያለው፣ ቀን ቀን ደግሞ ተቀምጦ የሚያንጎላጅ ሰው፣ ለጆሮው ብሎ ባይሆን ለልቡ ብሎ መመርመር አለበት።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ የአይጥ ኮክሊያ የራሱ ውስጣዊ ሰዓት አለው። ያው መጠን ያለው ጩኸት ቀን ሲለቀቅባቸው አይጦቹ አገገሙ፤ ሌሊት ሲለቀቅባቸው ግን ጉዳቱ ቀረ። አይጥ ሌሊት ነው የምትነቃው፣ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሰው ገልብጦ «እንዲህ አድርጉ» ማለት አይቻልም። ለእኔ የበቃኝ ጆሮ ሰዓት መቁጠሩን ማወቄ ነው፤ ሌሊቱን በማዳመጫ ለሚያሳልፍ ሰው ይሄ የሚያሳስብ ወሬ ነው።

ስለ ማዳመጫ ካነሳን፣ ጆሮ ተኝተንም እንደማይዘጋ አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ ሙከራ ተኝተው ላሉ ሰዎች ብዙ ስሞች በቴፕ ሲነበቡላቸው፣ አንጎላቸው ከሌላው ስም ይልቅ በራሳቸው ስም ይበልጥ ሲነሳ ታይቷል። ድምፁ ይገባል፤ ታላመስ አብዛኛውን በር ላይ ይመልሰዋል እንጂ። ዜና ወይም ሙዚቃ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚያድር ሰው ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ በረኛ አቁሟል ማለት ነው። በዚያ ላይ ለጆሮ ደህና ነው የሚባለው ጣሪያ፣ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት፣ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ተኝተን የሰማነውም እዚያው ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ አንድ ሰው «እንግዲያው ጆሮዬ የያዘኝ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው» ብሎ እንዳይቀመጥ እሰጋለሁ። አንዱ ጆሮ ብቻ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ ከተደፈነ፣ ያ ድካም አይደለም። ድካም ሁለቱንም ጆሮ እኩል ነው የሚያደበዝዘው። ብዙ ሰው ይህን ድንገተኛ መደፈን የሚያውቀው ጠዋት ሲነቃ ነው፤ ለዚህም ነው በእንቅልፍ፣ በብርድ፣ በአተኛኘት እያሳበበ ቀናት የሚያሳልፈው። መድኃኒቱ ስቴሮይድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር የተሻለ ተስፋ አለው፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። ቤት ውስጥ የምትሞከር አንዲት ዘዴ አለች፦ አፍን ዘግቶ «ምምም» እያሉ ድምፁ በየትኛው ጆሮ እንደሚጎላ ማዳመጥ። በተደፈነው ጆሮ ከጎላ ምናልባት ኩክ ወይም ሌላ መንገድ የዘጋ ነገር ነው፤ ጣትዎን አንዱ ጆሮዎ ላይ ደፍነው ቢሞክሩት ይገባዎታል። በደህናው ጆሮ ከጎላ ግን ነገሩ ከውስጥ ነው፤ በዚያው ቀን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በተደፈነው በኩል ጎልቶ ቢሰማዎትም፣ ሐኪም ጆሮዎን በመብራት እስኪያይ ድረስ ኩክ ነው ብለው አይተዉት።